ፔዳሌ ለምን ይጮሃል? በቤት የተሠራ የጊታር ፔዳልን ከማይፈለግ ድምፅ ስለማጽዳት

ፔዳል፣ ማለትም የጊታርን ድምፅ የሚቀይር በእግር የሚረገጥ ሳጥን፣ እንደምሠራ የሚያውቁ ጊታሪስቶች ደጋግመው ይዘውልኝ የሚመጡት ቅሬታ አንድ ዓይነት ነው። «ሠራሁት፣ ይሠራል፣ ግን ይጮሃል። ትራንዚስተሩን ልቀይር ወይስ አይሲውን?» እኔ ደግሞ ካውያውን አስቀምጡና መጀመሪያ አዳምጡት እላቸዋለሁ። ጩኸቱ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚጠፋ ሳይታወቅ ዕቃ መቀየር ብር ይበላል። አንድ አይሲ (ብዙ ትራንዚስተር በአንድ ላይ የያዘ ቺፕ) በካውያ ሙቀት ከሞተ ምትኩን ለማግኘት መርካቶን ማካለል፣ እዚያም ከታጣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ መጠበቅ አለ።

ፒያሳ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ አባት ነበሩ። የሠራሁትን ኦቨርድራይቭ (ድምፅን አጉልቶ የሚያሻክር ፔዳል) ይዤ ሄጄ «ጋሼ፣ ትራንዚስተሩ መሰለኝ» ስላቸው ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ «ልጄ፣ መሰለኝ አይበየድም» አሉኝ። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር ከእሳቸው የጀመረ ነው።

የምጽፈው ዲያግራም ማንበብና መበየድ ለሚችል፣ ግን የሠራው ኦቨርድራይቭ ወይም ከእሱ ይበልጥ የሚያሻክረው ፈዝ ከሙዚቃው በላይ ለሚያጉረመርምበት ሰው ነው። የምናገረውም በ9 ቮልት ስለሚሠሩ ትናንሽ ፔዳሎች ብቻ ነው። አምፕሊፋየር ውስጥ፣ በተለይ ቫልቭ ባለበት ውስጥ፣ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ሊቆይ ስለሚችል እጃችሁን አታስገቡ።

ድምፆቹን እንለያቸው። «እምምም» የሚል ወፍራም ድምፅ ከመብራት መስመር የመጣ ነው። «ዝዝዝ» የሚለው ሻካራ ድምፅም ብዙውን ጊዜ ከዚያው ወገን ነው፤ ከዲመር፣ ከፍሎረሰንት መብራት ወይም ከርካሽ ቻርጀር ይነሳል። «ሽሽሽ» የሚለው ከሰርኪቱ ከራሱ የሚወጣ ነው። ቀጭን ፉጨት ካለ ወይ ሰርኪቱ ራሱን በራሱ እያስጮኸ ነው፣ ወይ በ9 ቮልቱ መስመር ላይ ዲጂታል ነገር ተቀላቅሏል። ጭርጭር ማለት የላላ ወይም የቆሸሸ ግንኙነት ነው። ስንረግጠው «ቷ» የሚለው ደግሞ ካፓሲተር ላይ የተጠራቀመ ቮልቴጅ ነው።

ጊታሪስት ከማንም ጠጋኝ የሚበልጥበት ነገር ቢኖር ጆሮው ኖታ መለየቱ ነው፤ ይህን ተጠቀሙበት። የአገራችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ በሚቀይረው የጊታሩ ክፍል) እና በሽቦ በኩል ከአየር የሚገባው እምታ መሠረቱ 50 ኸርዝ ይሆናል። የትራንስፎርመር አዳፕተር ግን ኤሲውን በዳዮድ ወደ ዲሲ ሲቀይር የሞገዱን የታችኛውን ግማሽ ወደ ላይ ስለሚገለብጠው፣ ሳይጣራ የቀረው ትርፍ 100 ኸርዝ ነው። በወፍራሙ ስድስተኛ ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ያለው ሶል ደግሞ 98 ኸርዝ ነው። ያንን ኖታ ምቱና ከእምታው ጋር አስተያዩት። እምታው ከሶሉ በጣም ጥቂት ብቻ ከፍ ካለ 100 ነው፤ አዳፕተሩን ወይም የማጣሪያ ካፓሲተሩን ጠርጥሩ። አንድ ኦክታቭ ዝቅ ካለ 50 ነው፤ ያልተሸፈነ ሽቦ፣ ያልተያያዘ ግራውንድ (የሰርኪቱ የጋራ መመለሻ መስመር) ወይም አጠገቡ የተቀመጠ ትራንስፎርመር ፈልጉ። ትንሽ ስፒከር 50 ኸርዝን አጥርቶ ስለማያወጣ ጆሮን ሊያሳስት ይችላል። ስትጠራጠሩ ድምፁን ኮምፒውተር ላይ ቀድታችሁ ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የፍሪኩዌንሲ ሥዕሉን እዩት። 50 እና 150 ላይ ከፍ ብሎ ከታየ አብዛኛውን ጊዜ ከአየር የገባ ነው፤ 100 እና 200 ብቻ ከሆነ ከአዳፕተሩ ነው።

አሁንም ሳጥኑን አትክፈቱ። የጊታራችሁን ቮልዩም ዜሮ አድርጉ። እምታው አብሮ ከጠፋ ፔዳሉ ንጹህ ነው፤ ችግሩ ያለው ጊታሩ ላይ ነው። ነጠላ ጥቅል ያለው ፒካፕ ከክሩ ንዝረት ጋር በዙሪያው ያለውን የመብራት ማግኔታዊ መስክም ይሰበስባል። ሴት ላቨር (Seth Lover) የተባለው ሰው ጊታር ሠሪው ጊብሰን ውስጥ እየሠራ በ1955 ሃምባከርን የፈጠረው ለዚህ ነበር፤ ሁለት ጥቅሎችን በተቃራኒ አቅጣጫ አድርጎ እምታው እርስ በርሱ እንዲጠፋፋ፣ የክሩ ድምፅ ግን እንዲደመር አደረገ። ነጠላ ጥቅል ላላችሁ፣ ተቀምጣችሁ ወንበራችሁን ቀስ ብላችሁ አዙሩ፤ እምታው ጎልቶ የሚቀንስበት አቅጣጫ ታገኛላችሁ። መቶ እጥፍ የሚያጎላ ኦቨርድራይቭ እምታውንም መቶ እጥፍ ያጎላዋልና ፔዳሉ ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል።

ጊታሩን ነቅሎ ፔዳሉን ብቻ ማዳመጥ የሚወድ ብዙ ሰው አለ። ይህ የተሳሳተ ምርመራ ነው። ምንም ያልተሰካበት መግቢያ በሜጋ ኦም ደረጃ ከፍ ያለ ኢምፒዳንስ (ለሞገድ የሚያሳየው ተቃውሞ) ስላለው እንደ አንቴና ይሠራል፤ የማይጮኸውም ይጮሃል። የአንድ አሮጌ ጃክ ጫፍና አንገት በአጭር ሽቦ አገናኝታችሁ በየዱ፤ መግቢያው ላይ ስትሰኩት ፔዳሉ ትክክለኛ ዝምታ ይሰማዋል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ጩኸት የፔዳሉ ወይም የኃይል ምንጩ ነው።

ወደ ኃይል ምንጩ እንምጣ፤ የእኔ ግምት ካልተሳሳተ በእኛ ቤቶች ውስጥ ከሚሰማው ጩኸት ትልቁ ክፍል ከዚህ ነው የሚመጣው። አዳፕተሩን ነቅላችሁ በ9 ቮልት ባትሪ ሞክሩ። ጩኸቱ ጭልጥ ብሎ ከጠፋ ትራንዚስተሩን ይቅርታ ጠይቁት። ለስልክ፣ ለራውተርና ለካሜራ ተብለው የተሠሩ አዳፕተሮች ቮልታቸው ልክ ቢሆንም ለድምፅ ዕቃ ታስበው የተሠሩ አይደሉም። ፔዳል ደግሞ በተለምዶ መሐሉ ኔጌቲቭ የሆነ ባለ 2.1 ሚሊ ሜትር መሰኪያ ነው የሚወስደው፤ ብዙዎቹ ሌሎች አዳፕተሮች ግን መሐላቸው ፖዚቲቭ ነው። ሳትሰኩ በቴስተር ለኩ። እኔ በምሠራቸው ሁሉ ላይ 1ኤን 5817 የሚባለውን ሾትኪ ዳዮድ በፖዚቲቩ መስመር ላይ በተከታታይ አስገባለሁ፤ ከሩብ እስከ ግማሽ ቮልት ያህል ይወስዳል፣ ግን በተገላቢጦሽ ከተሰካ አዳፕተር ያድናል።

አዳፕተር መቀየር ካልተቻለ ቦርዱ ላይ ማጣሪያ ጨምሩ። ከ9 ቮልቱ መግቢያ በኋላ 100 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ፣ ከእሱ በኋላ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ወደ ግራውንድ። ይህ ጥንድ ከ16 ኸርዝ ገደማ በላይ ያለውን ማዳከም ይጀምራል፤ 100 ኸርዝ ላይ ሲደርስ ትርፉን ወደ አንድ ስድስተኛ ያወርደዋል። ካፓሲተሩን 470 ካደረጋችሁት ደግሞ ወደ አንድ ሠላሳኛ ገደማ ይወርዳል። ጎኑ ላይ 100 ናኖፋራድ ሴራሚክ ጨምሩበት፤ ትልቁ ኤሌክትሮላይት በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ላይ ደካማ ነው። ኦቨርድራይቭ 5 ሚሊ አምፔር ያህል ቢወስድ 100 ኦሙ የሚያስቀረው ግማሽ ቮልት ነው፣ አይጎዳም። መቶ ሚሊ አምፔር የሚጠጣ ዲጂታል ዲሌይ ላይ ግን ይህን አታድርጉ፤ ቮልቱ ተበልቶ ያልቃል።

ብዙ ሰው የማያየው ቦታ ቀጥሎ ያለው ነው። ኦፕ አምፕ (ድምፅ የሚያጎላ አይሲ) ያለበት ፔዳል 9 ቮልቱን በሁለት እኩል ሬዚስተሮች ከፍሎ 4.5 ቮልት ይሠራል፤ ድምፁ የሚወዛወዘው በዚያ መካከለኛ ነጥብ ላይና ታች ነው። ነጥቡ ላይ የቀረ ቆሻሻ 4.5 ቮልቱን በሚያደርሰው ባያስ ሬዚስተር በኩል ቀጥታ ወደ ኦፕ አምፑ መግቢያ ይገባና እንደ ጊታሩ ድምፅ ይጎላል። ሁለቱ ሬዚስተሮች 10 ኪሎ ኦም ከሆኑ 47 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከመካከለኛው ነጥብ ወደ ግራውንድ ስታስሩ 100 ኸርዙ ከመቶ እጥፍ በላይ ይቀንሳል። ሰዎች ከሚልኩልኝ ዲያግራሞች አንዳንዶቹ ይህን ካፓሲተር ጨርሶ አያሳዩም፣ አንዳንዶቹ ደግሞ 100 ናኖ ብቻ አስቀምጠው ያልፋሉ። አንድ ካፓሲተር ብቻ ጨምራችሁ መፍትሔ ማግኘት ከፈለጋችሁ እዚህ ጀምሩ።

በአንድ አዳፕተር ብዙ ፔዳል በሚቀጣጠል ገመድ የምትጠቀሙ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። ዲጂታል ፔዳል የራሱን የሰዓት ምት በግራውንዱ ላይ ይተፋል፤ አጠገቡ ያለው ፈዝ ያንን ተቀብሎ ቀጭን ፉጨት ያደርገዋል። ከዚህም በላይ ፔዳሎቹ በኃይል ገመዱም በድምፅ ገመዱም ስለሚገናኙ የግራውንድ ቀለበት ይፈጠራል። ዲጂታሉን ለብቻው በሌላ አዳፕተር አድርጉት፤ ፉጨቱ ካቆመ ምርመራው አለቀ። ፒኤንፒ ጀርማኒየም ትራንዚስተር ያለው የድሮ ዓይነት ፈዝ ደግሞ ፖዚቲቩ ግራውንድ ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ገመድ ከተሰካ ቀጥታ ሾርት ነው። ለእሱ ባትሪ ስጡት።

ስለ ኧርዝ አንድ ነገር ልበል። ሁለት እግር ያለው ስዊቺንግ አዳፕተር (እንደ ስልክ ቻርጀር ያለው ቀላል ዓይነት) ከ220ው ወደ 9 ቮልቱ ጎን በትንሽ ካፓሲተር ጥቂት ፍሰት ያሳልፋል። ቤቱ የኧርዝ መስመር ከሌለው ይህ ፍሰት መሄጃ ያጣና በጊታሩ ክር ላይ ይቀመጣል፤ ክሩን ስትነኩ እምታው ይለወጣል፣ አንዳንዴ ጣታችሁን ነዘር ያደርገዋል። ክሩን ስትነኩ እምታው መቀነሱ የተለመደ ነው። ሲጨምር ግን የጊታሩ ግራውንድ ተበጥሷል ወይም ተገላብጦ ተበይዷል። ማይክ ከንፈራችሁን ከነዘራችሁ ግን መጫወት አቁሙና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። ጩኸት ለማጥፋት ብሎ የአምፕሊፋየርን ሦስተኛ እግር መቁረጥ መድረክ ላይ ሰው ያስገድላል። «አንድ ጊዜ ብቻ» የሚባልበት ነገር አይደለም።

መብራት መሄዱ በዚህ ሥራ ላይ ጠቀሜታ አለው ብል ማን ያምነኛል? በባትሪ የምትሠራ ትንሽ የልምምድ አምፕ ካለቻችሁ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲጨልም ፔዳሉን በባትሪ አድርጋችሁ አዳምጡ፤ የጎረቤት ጄነሬተር ካልተነሳ በቀር። ያኔ ዙሪያችሁ 50 ኸርዝ የሚባል ነገር የለም። የሚቀረው ሽሽታ የሰርኪቱ የራሱ ድምፅ ነው፤ ቅዱት። መብራት ሲመጣ የሚጨመረውን ከዚያ ቅጂ ጋር ስታወዳድሩ የትኛው የውጭ፣ የትኛው የውስጥ እንደሆነ ያለ ምንም መሣሪያ ትለያላችሁ።

ሳጥኑን ለመክፈት ደርሰናል። ሳጥኑ ከፕላስቲክ ከሆነ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት ውስጡን በአልሙኒየም ፎይል ሸፍኑና ፎይሉን ከግራውንድ ጋር አያይዙ፤ ቦርዱ እንዳይነካው በፕላስተር ለዩት። ሸቀጡ ከተገኘ ለፔዳል የተለመደው የአልሙኒየም ሳጥን ይሻላል። ካልተገኘ ግን ምናለሽ ተራ ከሚሸጠው ቁርጥራጭ ቆርቆሮ የታጠፈ ሳጥን ወይም የዱቄት ወተት ጣሳ ሥራውን ያከናውናል፤ ብረቱ ማግኔትን በተወሰነ ደረጃ ስለሚይዝ እንዲያውም በዚህ ረገድ ከአልሙኒየም ይሻላል። ቀለም የተቀባ ሳጥን ላይ ጃኩ የሚገባበትን ቀዳዳ ውስጡን በአሸዋ ወረቀት ፋቁት። ቀለሙ ከጃኩ ጋር እንዳይገናኝ ከከለለው ሳጥኑ ግራውንድ የሌለው ትልቅ አንቴና ሆኖ ይቀራል። በቴስተር ከሳጥኑ እስከ ጃኩ አንገት ከአንድ ኦም በታች ማንበብ አለባችሁ።

ከዚያ ሽቦዎቹን ተመልከቱ። ከመግቢያው ጃክ ወደ ቦርዱ የሚሄደው ሽቦና ከቦርዱ ወደ መውጫው የሚሄደው ጎን ለጎን ከታሰሩ፣ የጎላው ድምፅ ወደ መግቢያው ተመልሶ ይዘላል። ጌይኑ (የማጉላት መጠኑ) ትልቅ ከሆነ ይህ ዙር ራሱን እያጎላ ፉጨት ይሆናል። የማወቂያ ምልክቱ ቀላል ነው፤ የጌይን ማዞሪያውን ስትጨምሩ ፉጨቱ በድንገት ይጀምራል፣ የቶን ማዞሪያውን ስታዞሩ ደግሞ ቃናው ይቀየራል። በእንጨት ዘንግ የመግቢያውን ሽቦ ወዲያ ወዲህ ግፉት፤ እኔ መፋቂያ እጠቀማለሁ፣ ደረቅ ነው፣ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ በየመንገዱም ይሸጣል። ፉጨቱ ከተለወጠ ሽቦውን አሳጥሩና ከሳጥኑ ግድግዳ አስጠግታችሁ አሳልፉት፤ ካልበቃ ሺልድ (ዙሪያውን የሚሸፍን የብረት መረብ) ያለው ሽቦ አድርጉ፣ ሺልዱን ግን በአንድ ጫፍ ብቻ ግራውንድ አድርጉት። ዘጠኝ እግር ያለው የእግር ስዊች ላይ ደግሞ ፔዳሉ ሲጠፋ የቦርዱ መግቢያ ወደ ግራውንድ እንዲገናኝ አድርጋችሁ በየዱ። ያለዚያ ጠፍቷል የተባለው ፈዝ ስር ሆኖ ሲያፏጭ ንጹሁ ድምፅ ውስጥ ይሰማል።

በመፋቂያው ያንኑ ጊዜ ብየዳዎቹን ሁሉ ኳ ኳ አድርጓቸው። ጭርጭር የሚለው ፔዳል አብዛኛውን ጊዜ ብየዳው የደበዘዘና የተሰነጠቀ ነው፤ እንደገና አሞቁትና ጥቂት ሊድ ጨምሩ። ማዞሪያው ስታዞሩት ብቻ የሚንጫጫ ከሆነ በኮንታክት ስፕሬይ ይጸዳል፤ ታጥቦም ከተመለሰ በማዞሪያው እግሮች ላይ ዲሲ ቮልት ለኩ። ዜሮ መሆን ባለበት ቦታ ቮልት ካለ ከፊቱ ያለው ካፓሲተር ያፈሳል ወይም በተገላቢጦሽ ገብቷል። የ«ቷ»ው መድኃኒት ከመግቢያው ካፓሲተር በፊትና ከመውጫው ካፓሲተር በኋላ 2.2 ሜጋ ኦም ሬዚስተር ወደ ግራውንድ ማድረግ ነው። ኃይል ከሰካችሁ በኋላ በመጀመሪያው እርግጫ ብቻ «ቷ» ቢል ግን አትጨነቁ።

ሽሽታው የተለየ ነገር ነው፤ ብዙ ሰውም እዚህ ላይ ያለ አግባብ ገንዘብ ያወጣል። ማንኛውም ሬዚስተር በክፍል ሙቀት ውስጥ በመቀመጡ ብቻ ሽሽ ይላል። 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ባለው ክልል ወደ 1.8 ማይክሮ ቮልት ይሰጣል፤ 1 ሜጋ ኦም ደግሞ 18 ገደማ። መግቢያው ላይ ወደ ግራውንድ የታሰረው 1 ሜጋ ኦም ጊታሩ ሲሰካ ድምፁ ስለሚዋጥ ችግር የለበትም። ከጊታሩ ጋር በተከታታይ የተቀመጠ 100 ኪሎ ኦም ግን ከዚያ በኋላ ያለው ጌይን ሁሉ ሽሽታውን ያጎላዋል። ዲያግራማችሁ ላይ እንዲህ ያለ ሬዚስተር ከመጀመሪያው ማጉያ በፊት ካለ፣ ለምን እንደተቀመጠ ካላወቃችሁ ወደ 10 ኪሎ ወይም ከዚያ በታች አውርዱት። ካርቦን ሬዚስተሮችን በሜታል ፊልም መለወጥም እዚያው መጀመሪያው ደረጃ ላይ ብቻ ዋጋ አለው።

ስለ አይሲም ልጨምር። ኤንኢ 5532 ከቲኤል 072 ያነሰ የቮልቴጅ ጫጫታ እንዳለው ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ 5 ናኖ ቮልት ገደማ ለ18። እውነት ነው። ነገር ግን የኤንኢ መግቢያ ከፍተኛ የከረንት ጫጫታ ስላለው ከጊታር ፒካፕ ጋር ሲገናኝ ልዩነቱ ይሟሟል፤ በዚያ ላይ ባትሪ ይጠጣል። አይሲ ቀይራችሁ ሽሽታው ግማሽ ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁ። አይሲውን ቀጥታ ቦርድ ላይ ከመበየድ ይልቅ ሶኬት አድርጉለት፤ ለመሞከርም ለመመለስም ይመቻል።

ፉጨቱ ከጌይን ማዞሪያው ጋር የማይለወጥና ሁልጊዜ በአንድ ቃና ላይ የቆመ ከሆነ፣ ፔዳላችሁ ውስጥ ቮልት የሚያባዛ ወይም የሚገለብጥ አይሲ እንዳለ አረጋግጡ። ማክስ 1044 በተፈጥሮው በሚሰማ ፍሪኩዌንሲ ይሠራል፤ አንደኛውን እግር ከስምንተኛው ጋር ስታገናኙት ከጆሮ በላይ ይወጣል። አይሲኤል 7660 ደግሞ በአንድ ዓይነት ቅርጽ ይሸጣል፣ ነገር ግን መጨረሻው ላይ «ኤስ» የሌለበት አንደኛ እግሩ ባዶ ነው፤ ብታገናኙት ምንም አይለወጥም። ትሬሞሎና ፌዘር ላይ የሚሰማው «ጢቅ ጢቅ» ደግሞ ዝግ ብሎ የሚያወዛውዘው ክፍል ከድምፁ ክፍል ጋር አንድ የኃይል ሽቦ ስለሚጋራ ነው፤ የራሱን ሽቦ ከመግቢያው ጀምራችሁ ስጡት፣ 100 ኦምና 100 ማይክሮፋራድም ጨምሩበት።

ፈዝ ሬዲዮ ሲያሰማ የሚደነግጥ አለ። የትራንዚስተሩ መገናኛ ልክ እንደ ጥንታዊ ክሪስታል ሬዲዮ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያን ስለሚፈታው ነው። ከመግቢያው ጋር በተከታታይ ከ1 እስከ 10 ኪሎ ኦም፣ ከትራንዚስተሩ ቤዝ ወደ ግራውንድ ደግሞ 100 ፒኮፋራድ፣ እግሮቹ በጣም አጥረው። ስልክ አጠገብ ሲሆን የሚሰማው «ድድድ ድድድ» የ2ጂ ስልክ በሰከንድ 217 ጊዜ ስለሚበራና ስለሚጠፋ ነው፤ ለእሱ የሚበልጠው መድኃኒት ስልኩን ከፔዳሉ ማራቅ ነው።

እስከዚህ ሁሉ ተደርጎ ምንጩ ካልተገኘ የፒያሳው አባት ያሳዩኝን መፈለጊያ ሥሩ። አሮጌ የጊታር ገመድ አንድ ጫፉን ቁረጡ፤ ሺልዱን አዞ ክሊፕ አድርጋችሁ ከፔዳሉ ግራውንድ ጋር ያዙት፤ በመሐለኛው ሽቦ ላይ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር በየዱና ነፃ እግሩን እንደ መርፌ ተጠቀሙበት። ሌላው ጫፍ ወደ አምፑ ይገባል፣ ቮልዩሙ በጣም ዝቅ ብሎ። በመጀመሪያ ጫፉን 9 ቮልቱ ላይ አስነኩት፤ ከአዳፕተሩ የሚመጣው ቆሻሻ ቢኖር ራሱን በጆሯችሁ ትሰሙታላችሁ። ቀጥሎ 4.5 ቮልቱ ላይ፤ እዚህ ፍጹም ዝምታ መኖር አለበት። ከዚያ ከመግቢያው ጀምራችሁ ወደ መውጫው በየደረጃው ሂዱ። ጩኸቱ የሚጀምርበት ደረጃ ላይ ቁሙ።

ሁለተኛው መንገድ የተገላቢጦሽ ነው፤ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ወስዳችሁ ኔጌቲቩን ግራውንድ ላይ፣ ፖዚቲቩን የአንዱ ደረጃ መግቢያ ላይ አስነኩ። ካፓሲተሩ ዲሲውን ስለማያሳልፍ ባያሱ አይበላሽም፣ ድምፁ ብቻ ይዋጣል። ጩኸቱ ከጠፋ ምንጩ ከዚያ ነጥብ በፊት ነው፤ ካልጠፋ ከዚያ በኋላ ነው። ከመሐል ከጀመራችሁ በእያንዳንዱ ንክኪ ግማሹን ሰርኪት ከጥርጣሬ ታወጣላችሁ። ይህን ከለመዳችሁ በኋላ በመገመት ዕቃ መቀየር ያስቀይማችኋል።

ክራር በኤሌክትሪክ ለሚጫወቱ ጓደኞቼ ደግሞ ለየት ያለ ጉዳይ አለ። የናይሎን ክር ማግኔት ፒካፕን ስለማያነቃ ብዙዎቹ በክራሩ ሆድ ላይ ፒየዞ ዲስክ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር) ይለጥፋሉ። ፒየዞ ከውስጡ ካፓሲተር ነው፤ 20 ናኖፋራድ ገደማ ያለው ዲስክ 10 ኪሎ ኦም መግቢያ ባለው ዕቃ ላይ ሲሰካ ከ800 ኸርዝ በታች ያለው ሁሉ ይዳከማል። ድምፁ ሲቀጥን ሰው ጌይን ይጨምራል፣ ጌይኑ ሲጨመር እምታው አብሮ ያብጣል፣ ከዚያ ፔዳሉ ይወቀሳል። መፍትሔው ከክራሩ አጠገብ 1 ሜጋ ኦም መግቢያ ያለው ቀላል ባፈር (ድምፁን ሳያጎላ ተቀብሎ የሚያሳልፍ ሰርኪት) ማስቀመጥ ነው፤ አንድ ጄፌት ትራንዚስተር ወይም የቲኤል 072 ግማሽ ይበቃል። ከዲስኩ እስከ ባፈሩ ያለው ሽቦ አጭርና ሺልድ ያለው ይሁን፤ የዲስኩ ሰፊ የነሐስ ፊት ወደ ግራውንድ ይሂድ፣ ነጩ መሐል ወደ መግቢያው። ተገላብጦ ከተበየደ እጃችሁን ወደ ክራሩ ባስጠጋችሁ ቁጥር ያጉረመርማል።

ይህ ሁሉ አልፎ ፈዛችሁ ስትጫወቱ ሳይሆን ስታቆሙ ብቻ ሽሽ የሚል ከሆነ ግን ተዉት። ፈዝ ትልቅ ጌይን ነው፣ ትልቅ ጌይን ያለ ሽሽታ የለም። ኖይዝ ጌት (ድምፁ ሲያንስ የሚዘጋ መሣሪያ) አስገብተው የኖታውን ጅራት ሲቆርጡት የሰማኋቸው አሉ፤ እኔ አልመርጠውም። ሳትጫወቱ ስትቆሙ የጊታሩን ቮልዩም በትንሿ ጣት መልሱት፤ ስትቀዱ ደግሞ ዝምታውን ኋላ ከፕሮግራሙ ላይ ቁረጡት። ክዳኑ ሳይገጠም ግን የመጨረሻውን ፍርድ አትስጡ፤ ክፍት ፔዳል ውስጥ የሚሰማው እምታ ግማሹ ዊንጮቹ ሲጠብቁ የሚጠፋ ነው።